አሮጌ ግዴታ፣ አዲስ ቀነ ገደብ፦ ስለ እንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች ደንብ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በእንግሊዝ አገር ማኅበራዊ ቤቶችን፣ ማለትም ከገበያ ባነሰ ኪራይ የሚከራዩ ቤቶችን፣ የሚያስተዳድሩት ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) እና በተለምዶ ሃውዚንግ አሶሴሽን የምንላቸው የቤቶች ማኅበራት ከሚለዋወጠው የቤቶች ደንብ ጋር እንዴት መራመድ እንደሚገባቸው የሚመክር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤአለሁ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ደንቦቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተደራርበው ስለመጡ አከራዮች እስኪረጉ ድረስ ቢጠብቁ ይሻላቸዋል፤ እስከዚያው ጥሩ የኮምፒውተር ሥርዓት ገዝተውና የደንብ ክትትል ክፍል አቋቁመው ራሳቸውን ከቅጣት ይጠብቁ። እርጥበትና ሻጋታ በአብዛኛው ከተከራዩ አኗኗር ስለሚመነጭ ተከራዩን ማስተማር ይቅደም። ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ አዲስ ቤት ከሚሠራበት ላይ ስለሚቀነስ ደንቡ ቤት አጥቶ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ይጎዳል፤ ቅጣቱም ዞሮ ዞሮ ከተከራዩ ኪራይ የሚከፈል ነው። ትንንሽ አከራዮች ከደንቡ ነጻ ይሁኑ። የእኛ ማኅበረሰብ ድምፅ ካልተሰማም ምክንያቱ ሰዎቻችን በተከራዮች ስብሰባ ላይ ስለማይገኙ ነው።

ጸሐፊው ጉዳዩን በአማርኛ ማንሳታቸውን አከብራለሁ፤ በለንደንም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖረው የሀገራችን ሰው ብዙው የሚያድረው በእነዚህ አከራዮች ቤት ስለሆነ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። ይሁን እንጂ ከአንዱ ነጥብ በስተቀር በሌሎቹ አልስማማም፤ በዚያ በአንዱም ቢሆን የምስማማው በከፊል ነው። ነጥቦቹን ባቀረቡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደንቦቹ ተደራርበው መምጣታቸው እውነት ነው። የሕንፃዎች ደኅንነት ሕግ በ2022 ወጣ፤ የእሳት ደኅንነት ደንቦች በጃንዋሪ 2023 ሥራ ላይ ዋሉ፤ የማኅበራዊ ቤቶች ቁጥጥር ሕግ በጁላይ 2023 ጸደቀ፤ በእሱ ላይ የተመሠረቱት አራቱ የተከራይ አገልግሎት መመዘኛዎች ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ይሠራሉ፤ በሻጋታ ምክንያት በሞተ ሕፃን ስም የተጠራውና አከራዮች በቤት ውስጥ ያለን አደጋ በተቆረጠ ቀን እንዲያስወግዱ የሚያስገድደው የአዋብ ሕግ ደግሞ በኦክቶበር 27 ቀን 2025 ተከተለ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «እስኪረጋ ይጠበቅ» ወደሚለው ምክር መሻገራቸው ግን ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም የደንቦቹ አብዛኛው ይዘት አዲስ ግዴታ አይደለም። የ1985 የአከራይና የተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 አከራዩ የቤቱን መዋቅርና የውጭ ክፍል፣ የውኃውን፣ የጋዙን፣ የኤሌክትሪኩንና የማሞቂያውን መስመር እንዲጠግን ካስገደደ አርባ ዓመት ሆኖታል። በ2018 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ቤቱ ለሰው መኖሪያ ብቁ ሆኖ እንዲቆይ የሚል ግዴታ በኪራይ ውሉ ውስጥ እንዳለ ይቆጥራል። ድሮም መጠገን ግዴታ ነበር፤ የጎደለው «እስከ መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር። የአሁኑ ደንብ ለዚህ ለአሮጌው ግዴታ ቀን ቆረጠለት። ለአርባ ዓመት የቆየን ግዴታ ለመፈጸም ደንቡ እስኪረጋ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አከራዮች ድንገት ተያዙ ማለትም አይቻልም። በለንደን ያለው የግሬንፌል የመኖሪያ ሕንፃ የተቃጠለው በጁን 14 ቀን 2017 ነው። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። መንግሥት የመጀመሪያውን የምክክር ሰነድ በ2018፣ የተከራዮችን ቻርተር የያዘውን ሰነድ ደግሞ በኖቬምበር 2020 አወጣ። መመዘኛዎቹ በሥራ ላይ እስኪውሉ ድረስ አከራዮች ከአምስት ዓመት በላይ የዝግጅት ጊዜ ነበራቸው። በዚያ ጊዜ ያልተዘጋጀ አከራይ ምን እንደሚጠብቀው በኦክቶበር 2024 በለንደኑ የኒውሃም ካውንስል ላይ የወጣው ውሳኔ አሳይቷል። ማኅበራዊ አከራዮችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል (ከዚህ በኋላ ተቆጣጣሪው) ለካውንስሉ ሲ-4 የተባለውን የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ ሲሰጥ፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ከ9,000 በላይ የእሳት ደኅንነት ሥራዎች መኖራቸውንና ከመቶ 40 በላይ የሚሆኑት ቤቶች ከዐሥር ዓመት በላይ የኤሌክትሪክ ምርመራ እንዳልተደረገላቸው ገልጿል። ከእነዚህ አንዱም በአዲስ ደንብ መብዛት የመጣ ችግር አይደለም፤ ሁሉም ከደንቡ በፊት የተከማቸ ሥራ ነው። ወደፊት የሚመጣውም ቢሆን የተሰወረ አይደለም። የአዋብ ሕግ ከእርጥበትና ከሻጋታ አልፎ ቅዝቃዜን፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን፣ መውደቅን፣ እሳትንና ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ አደጋዎችን ደረጃ በደረጃ እንደሚያካትት መንግሥት አስቀድሞ አስታውቋል። ይህን እያወቁ መጠበቅ ዝግጅት ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ኮምፒውተር ሥርዓትና ስለ ክትትል ክፍል የሚያወራው ነው። መዝገብ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ የተከራዮችን አቤቱታ የሚመረምረው የቤቶች እንባ ጠባቂ ራሱ በሜይ 2023 ስለ መረጃ አያያዝ ብቻ የተለየ ሪፖርት አውጥቷል። ይሁን እንጂ መመዘኛው የሚጠይቀው ነገር ከሶፍትዌር ይቀድማል፦ አከራዩ የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ፣ ሰው ልኮ በአካል ባደረገው ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ማወቅ አለበት። ከመቶ ቤት ዐሥሩን አይቶ ስለ ቀሩት ዘጠና በግምት መናገር ለብዙ ዓመታት የተለመደ አሠራር ነበር፤ ዛሬ ግን አያዛልቅም። በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ሕፃን ወይም የአስም ሕመምተኛ መኖር አለመኖሩን፣ በምን ቋንቋ ማነጋገር እንደሚቻል አለማወቅም በሶፍትዌር ግዢ አይካካስም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሆነ ጉዳይ አለ። በአዋብ ሕግ መሠረት ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው አከራዩ ስለ አደጋው ባወቀ ጊዜ ነው፤ አወቀ የሚባለውም ተከራዩ ቅጽ ሲሞላ ብቻ አይደለም። ቦይለር ሊመረምር የገባው ሠራተኛ በልጆቹ መኝታ ክፍል ጥግ ላይ የጠቆረውን ግድግዳ ካየ፣ የኪራይ ውዝፍ ሊያነጋግር የመጣው ሃውዚንግ ኦፊሰር እናትየው ስለ ልጇ ሳል ስትናገር ከሰማ፣ አከራዩ አውቋል ሊባል ይችላል። አስቸኳይ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መወገድ አለበት። ከባድ የእርጥበት ወይም የሻጋታ አደጋ ከሆነ በዐሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ይመረመራል፤ ምርመራው ባለቀ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውጤቱ ለተከራዩ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ደግሞ ቤቱ ከአደጋ ነጻ መደረግ አለበት። ይህ ካልተቻለ አከራዩ በራሱ ወጪ ሌላ ማረፊያ ያቀርባል።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ መነሻ የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ነው። በአንድ የለንደን የቤቶች ማኅበር የተከራዮች አገልግሎት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ችግር እዚያው ላይ ነበር። እንግሊዝኛው የማይደላደልለት ተከራይ «ግድግዳው ጠቁሯል» ሲል ጥያቄው ቀለም ለመቀባት እንደቀረበ ተደርጎ ይመዘገባል፤ ለቀለም ደግሞ የተያዘ ቀን ስለሌለ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል። «ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል» የሚለው ቃል የጥገና ጉዳይ አይደለም ተብሎ ጭራሹን አይጻፍም። ስለዚህ ከደንቡ ጋር ለመራመድ የሚፈልግ አከራይ ገንዘቡን አስቀድሞ ሊያውለው የሚገባው ስልክ የሚያነሣውን ሠራተኛ በማሠልጠን፣ አስተርጓሚ በዚያው ጥሪ ላይ እንዲገባ በማድረግና ከኮንትራክተሮች ጋር ያለውን ውል ያዩትን የመናገር ግዴታ እንዲኖርባቸው አድርጎ በማሻሻል ላይ ነው። የክትትል ክፍሉ ያልተመዘገበን ነገር ሊከታተል አይችልም።

ሦስተኛው ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጸሐፊው ሻጋታ ከአኗኗር እንደሚመጣ ሲናገሩ እንጀራ መጋገርን፣ ወጥ ማፍላትን፣ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣትንና መስኮት መዝጋትን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ይህ አነጋገር ከእኛው ሰው አፍ ሲወጣ ጉዳቱ ይበዛል፤ አከራዩ ነገ «የራሳችሁ ሰው ብሏል» እያለ ሊጠቅሰው ይችላልና።

አዋብ ኢሻቅ ማን እንደነበር እናስታውስ። ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ ነበር፤ በሮችዴል ከተማ በአንድ የቤቶች ድርጅት ቤት ውስጥ ኖሮ በዲሴምበር 2020፣ ሁለት ዓመት በሞላው በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፈ። የአሟሟት መርማሪዋ በኖቬምበር 2022 እንደወሰኑት ለሞቱ ምክንያት የሆነው የመተንፈሻ አካል ሕመም በቤቱ ውስጥ ለነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ ከመጋለጥ የመጣ ነው። አባቱ ስለ ሻጋታው መጀመሪያ ያመለከተው ልጁ ከመወለዱ በፊት በ2017 ነበር፤ የተሰጠውም መልስ በላዩ ላይ ቀለም ቀባ የሚል ነበር። በ2020 በጠበቃ በኩል ክስ ሲጀምር ደግሞ የድርጅቱ አሠራር ከጠበቃው ጋር ስምምነት እስኪደረስ ድረስ ጥገናው እንዲቆም የሚያደርግ ሆነ። ድርጅቱ ራሱ ስለ ቤተሰቡ አኗኗር ግምት መውሰዱንና በዚህም መሳሳቱን ኋላ አምኗል። አኗኗር የሚለው ምክንያት የት ድረስ እንደሚያደርስ የሚያሳይ ጉዳይ ካለ ይህ ነው፤ በልጁ ስም የተጠራው ሕግ የወጣውም ወላጆቹ ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ ተስፋ ሳይቆርጡ ስለታገሉ ነው።

የቤቶች እንባ ጠባቂው ቀደም ብሎ በኦክቶበር 2021 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው ሪፖርት ችግሩ አኗኗር አይደለም የሚለውን አቋም በርዕሱ ላይ ሳይቀር አስቀምጧል። የአዋብ ሕግ መመሪያም ምግብ ማብሰል፣ ገላ መታጠብና ልብስ ማድረቅ በማንኛውም ቤት ውስጥ የማይቀሩ ተግባራት መሆናቸውን ተቀብሎ፣ አከራይ በእነዚህ እያሳበበ ከምርመራ እንዳይሸሽ ያሳስባል። የነገሩ አሠራርም ይህንኑ ይደግፋል። ሰው ባለበት ሁሉ እንፋሎት አለ፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃ የሚለወጠው ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ነው። ግድግዳው የሚቀዘቅዘው የሙቀት መከላከያ ስለሌለው፣ መስኮቱ ነፋስ ስለሚያስገባ ወይም ማሞቂያው ስለማይሠራ ነው። እንፋሎቱ ሳይወጣ የሚቀረው ደግሞ የወጥ ቤቱና የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማስወጫ ስለተበላሸ ወይም ከነጭራሹ ስላልነበረ ነው። ስድስት ሰው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ የሚኖረው ትልቅ ቤት ስላልተሰጠው ነው፤ መስኮት ተዘግቶ የሚዋለውም ጋዝና መብራት ስለተወደደ ነው። እናት ለልጆቿ እንጀራ መጋገሯን ማቆም አለባት የሚል ደንብ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ለተከራይ ምክር መስጠት ክፋት የለውም፤ ምክሩ የሚሰጠው ግን ቴክኒሺያኑ እርጥበት መለኪያውን ይዞ ገብቶ፣ ማስወጫውን ፈትሾ፣ የውጩን ግድግዳና ቧንቧውን አይቶ ሲያበቃ ነው። ከምርመራ በፊት የሚታደል በራሪ ወረቀት ተከራዩ ሁለተኛ እንዳይደውል ያደርገዋል።

አራተኛው፣ ማለትም የገንዘቡ ነጥብ፣ ከጸሐፊው ጋር በከፊል የምስማማበት ነው። የማኅበራዊ አከራዮች ገቢ በእጃቸው አይደለም። ከ2016 እስከ 2020 ድረስ መንግሥት ኪራይ በየዓመቱ በመቶ አንድ እንዲቀንስ አስገደዳቸው፤ በ2023 ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 10 በላይ በነበረበት ወቅት የኪራይ ጭማሪው ከመቶ 7 እንዳያልፍ ገደበ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የጥገናው ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልተገደበም። ከ1980 ጀምሮ ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ በተሰጠው መብት ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ተሸጠዋል፤ በምትካቸው የተሠሩት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አከራዮች መንግሥትን ገንዘብ ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊውም ይህን በማንሳታቸው ትክክል ናቸው።

ሆኖም ጥገናንና አዲስ ግንባታን እንደ ሁለት ባላጋራ ማቆም አያስኬድም። ለዓመታት ያልተጠገነ ቤት በርካሽ የሚጠገንበት ጊዜ ያልፈዋል፤ በጥቂት ፓውንድ ሊለወጥ የሚችል አየር ማስወጫ ሲዘነጋ ግድግዳውን አፍርሶ መለሰን፣ ቤተሰቡን ሆቴል ማሳደርን፣ ካሣንና የሁለት ወገን ጠበቃ ወጪን ያስከትላል። በ2025 የወጣው የመንግሥት የወጪ ዕቅድ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ኪራይ ከዋጋ ንረቱ አንድ በመቶ ከፍ ብሎ እንዲጨምር ፈቅዷል፤ ለአዳዲስ ማኅበራዊና አቅምን ያገናዘቡ ቤቶች ደግሞ በዐሥር ዓመት 39 ቢሊዮን ፓውንድ መድቧል። በቂ ነው አልልም፤ ነገር ግን አከራዩ የዐሥር ዓመት የኪራይ ገቢውን አስቀድሞ ሊገምት ከቻለ፣ የዐሥር ዓመት የጥገና ዕቅድ የማያወጣበት ምክንያት የለም። ዕቅዱን ለማውጣት ደግሞ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ወደተነሣው የቤቶች ምርመራ መመለስ ግድ ነው። ወረፋ የሚጠብቀውም ሰው ቢሆን የሚጠብቀው ልጆቹን የማያሳምም ቤት ነው።

ቅጣቱን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። ከ2023ቱ ሕግ በፊት ተቆጣጣሪው ሊጥለው የሚችለው የገንዘብ ቅጣት ከ5,000 ፓውንድ አያልፍም ነበር፤ ጣሪያው የተነሣው በሺዎች የሚቆጠር ቤት ለሚያስተዳድር ድርጅት ይህ መጠን ምንም ስለማይመስለው ነው። ከዚያም ባሻገር ሕጉ ከገንዘብ ቅጣት ውጪ ብዙ መንገድ ከፍቷል፦ ተቆጣጣሪው በ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ቤት ገብቶ ሊመረምር፣ የማሻሻያ ዕቅድ እንዲቀርብለት ሊጠይቅ፣ አስቸኳይ ጥገና ሊያሠራ ይችላል። ጉድለቱን ራሱ ቀድሞ ያሳወቀና ማረም የጀመረ አከራይ ከሸሸገው ጋር እኩል አይታይም። ቅጣት ከኪራይ እንዳይከፈል የሚፈልግ ቦርድ ይህን መንገድ መያዝ ይችላል።

ትንንሽ አከራዮች ነጻ ይሁኑ የሚለውም ግማሹ ተፈጽሟል። በየአራት ዓመቱ የሚደረገው መደበኛ ፍተሻ የሚመለከተው 1,000 እና ከዚያ በላይ ቤት ያላቸውን ብቻ ነው። የመመዘኛዎቹና የአዋብ ሕግ ግዴታ ግን ሃምሳ ቤት ላለውም ይሠራል፤ ሻጋታ የሕፃኑን ሳንባ ሲጎዳ የአከራዩን ስፋት አይለይምና። ትንንሾቹ በእርግጥ የሚቸግራቸው ባለሙያ መቅጠር ነው፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ማኅበራት አንድ የእርጥበት ባለሙያና አንድ የአስተርጓሚ አገልግሎት በጋራ ቢይዙ ያቃልሉታል።

የመጨረሻው፣ ሰዎቻችን ስብሰባ አይመጡም የሚለው ወቀሳ ነው። የግሬንፌል ነዋሪዎች ተናግረው ነበር፤ በጽሑፍም ስለ እሳት አደጋ አስጠንቅቀው ነበር። በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የምርመራ ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት ሕንፃውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ለእሳት ደኅንነት ግዴለሽ እንደነበረና ከነዋሪዎቹ ጋር ያለው መተማመን እንደፈረሰ ዘርዝሯል። ችግሩ ዝምታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች በተሰሙ ነበር። ተቆጣጣሪው አካል ባሳተመው የመጀመሪያው ዓመት የተከራዮች እርካታ መለኪያ፣ በአከራያቸው በአጠቃላይ ረክተናል ያሉት ከመቶ 71 ገደማ ሲሆኑ፣ በአቤቱታ አያያዝ ረክተናል ያሉት ግን ከመቶ 35 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሰው ይናገራል፤ ተናግሮ የሚያገኘው መልስ ነው ያላረካው።

ስብሰባውም ቢሆን መቼና እንዴት እንደሚጠራ መታየት አለበት። የጽዳት ሥራ ማታ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ በእንክብካቤ ቤት በፈረቃ የሚያድር ሰው ማክሰኞ ማታ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚካሄድ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ሊደርስ አይችልም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የዕድር ስብሰባና የማኅበረሰብ ማዕከል ግን አሉ፤ አከራዩ ወደዚያ መሄድ ይችላል። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ እናቱ ስለ ሕመሟ እንድትናገር መጠየቅም መቅረት አለበት። ግልጽነትንና ተጠያቂነትን የሚመለከተው መመዘኛ አከራዮች የተከራዮቻቸውን የተለያየ ፍላጎት ተረድተው አገልግሎታቸውን በዚያ መጠን እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ፈታሾች ሲመጡም ለዚህ ማስረጃ ከቦርዱ ይጠይቃሉ። ከተከራዮቹ ውስጥ ስንቱ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ዐረብኛ እንደሚናገር በመዝገቡ ላይ የሌለው፣ በአዋብ ሕግ መሠረት የሚሰጠውን የጽሑፍ ውጤትም ተቀባዩ በማያነበው ቋንቋ የሚልክ አከራይ ለዚያ ጥያቄ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።